«በገዛ ፈቃዴ» የሚል ወረቀት እስከ ዓርብ ፈርሙ ተብለናል፤ ምን ትሉኛላችሁ?

ጠባሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ነገሩ እኔው ቤት ገባ።

የምሠራው ከወደብ የሚመጣ ጭነት የሚያወርድ፣ የሚያከማችና መልሶ የሚጭን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የዚህ ወር ደመወዜ ገና እጃቸው ላይ ነው። ዋናው ያርድ፣ ማለትም የኮንቴይነር ግቢው፣ ሞጆ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ያለነው ቅርንጫፍ ነን። ለዚህ አካባቢ ፋብሪካዎች የሚመጣውን ኮንቴይነር እናወርዳለን፣ ዕቃውን እናስረክባለን፣ ባዶውን እንመልሳለን። በጫኝና አውራጅነት ገብቼ፣ ፎርክሊፍት ለምጄ፣ አሁን ኮንቴይነር የሚያነሳው ማሽን፣ ሪች ስታከር ላይ ነኝ። መስከረም ላይ 11 ዓመት ሞላኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። አዳራሽ ስለሌለን በሁለት ኮንቴይነሮች መሃል ቆመን ነው የሰማናቸው። የኅዳርን ጠዋት ደብረ ብርሃን ያደረ ያውቀዋል፤ ተናጋሪው ሰውዬ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። «የመዋቅር ማሻሻያ»፣ «ድልድል»፣ «ወጪ ቆጣቢ አደረጃጀት» እያለ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራ። ሲጠቃለል ያርዱ ይዘጋል፣ ማሽኖቹ ሞጆ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ቁጥሩን ልንገራችሁ። ሞጆና አዲስ አበባ ያሉትን ጨምሮ 140 ሠራተኞች ነን። እዚህ ያለነው 40 ነን። ከ40ው ለ13ቱ፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለቢሮ ሰዎች፣ የስንብት ደብዳቤ በዚያው ዕለት ተሰጠ። ለቀረነው 27 ደግሞ ሌላ ወረቀት። «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን መልቀቄን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከፈረማችሁ ሞጆ ላይ በኤጀንሲ በኩል ትቀጠራላችሁ አሉን። በቃል ነው ያሉን። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሞጆ የሚል ቃል የለበትም።

ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። ባለቤቴ «ፈርምና ሥራህን ያዝ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት አለ። ደብረ ሲና ላሉት እናቴ ገና አልነገርኩም።

ይህን ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ቆሎ ተራ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ደብረ ሲና ነኝ፤ እናትህን ሳላውቃቸው አልቀርም፣ እዚህ የማይተዋወቅ የለም። አይዞህ ወንድሜ።

በቃል ያሉህን ተወው። ጣርማበር ላይ ከሰዓት ጉም ሲወርድ አይተህ የለ? መንገዱ ፊትህ የተዘረጋ ይመስልሃል፣ ጠጋ ስትል ገደሉ አፍ ላይ ነህ። «እንቀጥራችኋለን» ያለ ሰው እዚያው ወረቀት ላይ ለመጻፍ ምን ከለከለው? ቀለም አለቀበት?

ጋላፊ መስመር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ተሳቢ ላይ 18 ዓመቴ ነው። ጠባሴ፣ እናንተ ዛሬ ነው የሰማችሁት፤ እኛ ሹፌሮች ግን ይሄ እንደሚመጣ ካየነው ቆይተናል።

አንድ ኮንቴይነር ከጂቡቲ ሲነሳ በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ በኮምቦልቻ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ እናንተ ይወጣል፤ ወይ በአዋሽ ወደ ሞጆ ይወርዳል። ሞጆ ከወረደ በአዲስ አበባ ዞሮ ነው ደብረ ብርሃን የሚደርሰው። እኛ በኩል ያለው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ባለንብረቱ ሰለቸው። በዚህ ላይ የጣርማበር ዳገት አለ። የመኪና መንገዱን ዋሻ ጣሊያን ሲሠራው የአርባ ፊት ኮንቴይነር ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ ፊት ለፊት ከተገናኘህ አንዱ ወደኋላ ይላታል። ከታች ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስቶ እዚያ ብርድ ላይ እስኪወጣ የስንቱ ሞተር ነው የሚፈላው!

ታዲያ ዕቃው የግድ በሞጆ ካለፈ፣ ባለፋብሪካው የጉምሩኩን ነገር እዚያው ይጨርስና መኪናውን በቀጥታ ግቢው ድረስ ያስገባል። ፎርክሊፍት እሱም ገዝቷል። የእናንተ ያርድ ላይ አውርዶ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ እንደገና የሚያስጭንበት ምክንያት ምንድን ነው? ባዶውም ቢሆን ቶሎ ካልተመለሰ ስለሚቀጣ ሹፌሩ ሳያድር ይዞት ይመለሳል።

ባቡሩም አለ። ከ2010 ጀምሮ እየጫነ ነው። አንድ ባቡር ከመቶ በላይ ባለ ሃያ ፊት ይዞ ይገባል፤ ያ ማለት ስንት ተሳቢ እንደሆነ አንተው አስላው። እኛም ተራ ስንጠብቅ የምናድረው ለዚህ ነው። ድርጅቱን ለመከላከል አይደለም። ያርዱ መዘጋቱ ግን ውሸት አይመስለኝም፤ ወረቀቱ ነው ውሸቱ።

መሐል ሜዳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

እኔ የሚገርመኝ የሸዋ ልጅ ተቀጥሮ ማልቀሱ ነው። እኛ መንዝ ሰው ሥራ ሲለቅ በግ ይገዛል። ፈርምና ና፣ መሬት አለህ አይደል?

ቆሎ ተራ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58

በጉንም የሚሸጠው ሰው በዱቤ ይሰጠዋል እንዴ? እስቲ መጀመሪያ የበጉን መግዣ ከድርጅቱ ይቀበል።

ሰው ኃይል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

በዚህ ሙያ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ሌላውንም ወገን ልናገር፤ ትሰድቡኝ ይሆናል።

ሕጉ ራሱ ለአሠሪው የድርጅቱን አሠራር የመለወጥ መብት ይሰጠዋል። ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ቅርንጫፍ ሲዘጋ፣ አዲስ አሠራር ሲመጣ ውል ማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት ነው። ድርጅቱ 40 ሰው ያለ ሥራ እያኖረ ቢቀጥል ነገ 140ውም ይበተናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ይከፍለናል ትላላችሁ።

በገዛ ፈቃድ መልቀቁንም እንደ ወጥመድ ብቻ አትዩት። ጠባሴ 11 ዓመት አገልግሏል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት፣ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። ስለዚህ ቢፈርም ባዶ እጁን አይወጣም፤ ሥራም ያገኛል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እፈርማለሁ።

ጠባሴ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

ሰው ኃይል፣ አመሰግናለሁ፤ አልሳደብም። ትናንት አለቃችንም ለብቻዬ ጠርቶ ይህንኑ ነው ያለኝ፤ «አንተ ምንም አትጎዳም» አለኝ። «አንተ» የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነበር የተናገራት፤ ያን ጊዜ አላስተዋልኳትም።

ሦስት ዓመቴ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

ጋሼ፣ ማን እንደሆንኩ ታውቀኛለህ። ታሊ የምይዘው፣ የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ቆጥሬ የምመዘግበው ነኝ።

እኛ ልጆቹ ትናንት ሻይ ቤት ተሰብስበን ነበር። አንተ ከፈረምክ እንፈርማለን፣ ካልፈረምክ አንፈርምም ተባባልን። ሳልነግርህ ብቀር ደስ አይለኝም። ከ27ታችን 15 ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላን ነን። አለቆቹ ቢሮ እየጠሩ የሚያናግሩት ግን እናንተን ትልልቆቹን ብቻ ነው። እኛን ማንም አልጠራንም።

አንቀጽ ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ጠበቃ አይደለሁም፤ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። ሰው ኃይል የተናገረው ውሸት የለበትም። የዘለለው ነው ብዙ።

አንደኛው የቁጥሩ ነገር ነው። በአንቀጽ 29 መሠረት «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚባለው ከ10 ቀናት ላላነሰ ተከታታይ ጊዜ ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካ ሲሆን ነው። 140 ሰው ላለው ድርጅት 10 በመቶ ማለት 14 ነው። ደብዳቤ የተሰጠው ለስንት ነው? ለ13! በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

27ታችሁ ከፈረማችሁ ወረቀት ላይ የተቀነሰው 13 ሰው ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ «በገዛ ፈቃዳቸው» ሄዱ። ካልፈረማችሁ ግን ያርዱን ለመዝጋት የግድ 40 ሰው መቀነስ አለባቸው። 40 ሰው ሲሆን ደግሞ ሕጉ ሌላ ሥርዓት ያዝዛል። ከሠራተኛ ማኅበር፣ ማኅበር ከሌለ ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለባቸው። የሥራ ችሎታና ውጤታማነት ያለው ቅድሚያ ይቆያል። በዚህ እኩል የሆኑት መካከል መጀመሪያ የሚቀነሰው አጭር አገልግሎት ያለው ነው፣ ቀጥሎ ጥገኛ ቤተሰብ የሚያንሰው እያለ ይሄዳል፤ አካል ጉዳተኛ፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት፣ የሠራተኛ ተወካይና ነፍሰ ጡር በመጨረሻ ነው የሚነኩት። ልብ በሉ፣ ይህ ንጽጽር በድርጅቱ ውስጥ ነው እንጂ በደብረ ብርሃን አጥር ውስጥ ብቻ ነው የሚል አላነበብኩም። ሞጆ ላይ ሁለት ዓመት የሠራ የሪች ስታከር ኦፕሬተር ካለ፣ ጠባሴ «ለምን እኔ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

አሁን ብሩን እናስላ። ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ አለ። ማስጠንቀቂያውም ለቅነሳ ሁለት ወር ነው። ጠባሴ፣ ደመወዝህን ከነገርከን አሰላልሃለሁ።

ጠባሴ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:48

14,400 ነው። ታሊ የሚይዘው ልጅ 9,000 ያገኛል፤ ጠይቄው ነው የጻፍኩት።

አንቀጽ ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:25

ቀኑን በ30 አካፍዬ ነው። የአንተ 480 ብር በቀን። 30 ሲደመር 10 ዓመት በ10 ቀን፣ 130 ቀን ይሆናል፤ 62,400 ብር። የቅነሳው 60 ቀን 28,800። ድምሩ 91,200 ብር። ማስጠንቀቂያው ለብቻ ነው።

ብትፈርም 62,400ውን ታገኛለህ፤ 28,800ው ይቀራል፣ ሁለት ወር ማስጠንቀቂያም የለህም። እንዲያውም በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ ነው ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው። ተባረህ አንተው ማስጠንቀቂያ ልትሰጥ!

የልጁ 300 ብር በቀን። 30 ሲደመር 20፣ 50 ቀን፤ 15,000 ብር። 60 ቀኑ 18,000። ድምር 33,000 ብር። ከፈረመ ግን አምስት ዓመት ስላልሞላው ስንብት የለውም። ዜሮ።

ጠባሴ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

አለቃዬ «አንተ» ያላት አሁን ገባችኝ።

ብርዳማው
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:02

ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ለውጥ ሲመጣ እኛ መሥሪያ ቤት ያልተደለደለውን «ተንሳፋፊ» ይሉት ነበር። ስምንት ወር ተንሳፍፌያለሁ። ጠዋት ገብቼ ፈርሜ፣ ወንበር ስለሌለኝ ኮሪደር ላይ ቆሜ ማታ እወጣለሁ። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ብሩም ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ተንሳፍፏል፤ አሁን ቢያንስ ለብቻችን አይደለንም።

ቆሎ ተራ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

ብርዳማው ገደልከኝ 😂

ሞጆ ያለሁት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:35

የአንኮበር ልጅ ነኝ። የምሠራው ሞጆ፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው፤ እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ አስፈርመው ወደ ኤጀንሲ አዙረውናል። ሞጆ ወርዳችሁ ምን እንደምታገኙ ልንገራችሁ።

ውሉ የስድስት ወር ነው። ስድስት ወሩ ሲያልቅ አንድ ሳምንት ታርፋለህ፣ እንደገና ትፈርማለህ፤ አገልግሎትህ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። የፎርክሊፍት ደመወዜ ከነበረው በሲሶ ወረደ። ድርጅቱ ለኤጀንሲው ስንት እንደሚከፍልብኝ አላውቅም፣ ግን የማያዋጣው ነገር አያደርግም። ማታ ባቡር ሲገባ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንሠራለን። የትርፍ ሰዓቱን ስትጠይቅ ድርጅቱ «ኤጀንሲህን ጠይቅ» ይልሃል፣ ኤጀንሲው «ድርጅቱ አላጸደቀም» ይልሃል። ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው፣ በሩ በር ያያል።

የቤት ኪራይ ሞጆ ርካሽ ነው ብላችሁ አትምጡ። ለብቻዬ ነኝ፤ ከአንድ የሰላሌ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን ነው የምኖረው። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ግን አላውቅም።

ሥራው ግን አለ። ይህን አልክድም። ኮንቴይነሩ ሞጆ ነው ያለው።

ሰው ኃይል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

አንቀጽ ቆጣሪ፣ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ስለ ወጣቶቹ አላሰብኩም ነበር፣ ያንን እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር። ክርክር ጊዜ ይወስዳል። ድርጅቱ ቢሸነፍም ይግባኝ ይላል። በዚያ መሃል የሞጆው ቦታ በሌላ ሰው ይሞላል። ሠራተኛው 28,800 ብር ለማግኘት ሥራውን ያጣል። ይህንንም አስሉት።

አንቀጽ ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

አስልቼዋለሁ። በቃል የተባለ ሥራ ስንት ብር እንደሚያወጣ ግን ማስላት አልቻልኩም።

ድርጅቱ ቅን ቢሆን ቀላል መንገድ ነበረው፤ ዝውውር። «ከኅዳር ጀምሮ የሥራ ቦታህ ሞጆ ነው» የሚል አንድ ደብዳቤ። አገልግሎት አይቋረጥም፣ ኤጀንሲ አያስፈልግም፣ መሄድ ያልፈለገ ስንብቱን ይቀበላል። ይህን ጠይቋቸው፤ መልሳቸውን እዚህ ጻፍልን።

የአሰብ ሰው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:50

ሸዋ ሮቢት ነኝ። ልጄ ነው ስልኩን የሚጽፍልኝ፤ እኔ እየነገርኩት ነው።

ልጄ ጠባሴ፣ እኔ ከ1974 እስከ 1990 አሰብ ወደብ ላይ ሠርቻለሁ። ያን ጊዜ ማሽኑ ጀርባችን ነበር። በ77ቱ ድርቅ የእርዳታ ስንዴ ሲገባ መርከቡ ወረፋ ይዞ ባሕሩ ላይ ይቆም ነበር። ቀን ሙቀቱ ብረቱን ስለሚያግለው ሌሊት ነበር የምናወርደው። አንዱ ጓድ ጎተራው ውስጥ ወርዶ ሲሞላ፣ ሌላው ላይ ሆኖ ይቀበላል። ላባችን ደርቆ ልብሳችን ላይ ጨው ይሆናል፤ ጠዋት ስታወልቀው ሸሚዙ እንደ ቆርቆሮ ይቆማል።

ግንቦት 1990 ጦርነቱ ተነሳ። ወደቡ ዝም አለ። እኔ ደብዳቤ የሰጠኝ ሰው የለም። የምከራከረውም ሰው አልነበረም። አንድ ፌስታል ይዤ ነው አገሬ የገባሁት። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት መሥራቴን የሚናገር ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባ ስመላለስ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። አብረውኝ የሠሩ ሦስት ሰዎች ይመስክሩ ተባለ፤ ሁለቱን አገኘኋቸው፣ አንዱ ሞቷል።

ስለ ሕጉ እነዚህ ልጆች ነግረውሃል። እኔ የምልህ ወረቀትህን ሰብስብ ነው። የቅጥር ደብዳቤህን፣ የእድገት ደብዳቤህን፣ የደመወዝ መክፈያውን ፎቶ አንሳው። የሥራ ልምድ ሲሰጡህ «ኦፕሬተር» ይበል፣ «ሠራተኛ» ብቻ ብለው እንዳይጽፉልህ። ጡረታህንም ጠይቅ። ከአንተ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ እነሱ 11 ከመቶ ይጨምሩበታል፤ የተቆረጠው ሁሉ ገቢ መደረጉን ዛሬ ሂደህ አጣራ። በሩ ሳይዘጋ ነው የሚጠየቀው። ከተዘጋ በኋላ ዘበኛውም አያውቅህም።

ጋላፊ መስመር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

አባባ፣ እድሜ ይስጥዎ። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ስለዚያ ጨው ሸሚዝ እሱም ይነግረን ነበር።

የመድረኩ አስተባባሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ሁለት መልእክት አንስቻለሁ፤ የድርጅቱን ስምና የኃላፊውን ስልክ የያዙ ስለነበሩ። እባካችሁ ጠባሴ ራሱ ያልጠራውን እናንተ አትጥሩ። ክሩ ክፍት ነው።

ጠባሴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:20

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ 27ታችንም ተሰበሰብን። ስሌቱን ከዚህ ላይ አነበብኩላቸው። ማኅበር የለንም፤ ሦስት ተወካይ መረጥን። እኔ፣ አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ፣ እና ታሊ የሚይዘው ልጅ። ከትልልቆቹ ስምንቱ እንፈርማለን አሉ። አልፈርድባቸውም፤ አንደኛው ልጁ ሆስፒታል ናት፣ 62 ሺህም ቢሆን ዛሬ ነው የሚፈልገው። «አንተ ለልጆቹ ብለህ ነው፣ እኔም ለልጄ ብዬ ነው» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

የዝውውሩን ነገር በጽሑፍ ጠየቅን። ቢሮው ደብዳቤውን ተቀብሎ ቅጂው ላይ ማኅተም እንዲያደርግልን ስንል ጸሐፊዋ «ማኅተሙ አዲስ አበባ ሄዷል» አለችን። እኛም ሁለት ምስክር አስፈርመን ሰጠናት።

አባባ የአሰብ ሰው፣ እጅ እነሣለሁ። ጡረታውን አጣራሁ። ከአምናው ውስጥ የአራት ወር ገቢ አልተደረገም። ከደመወዜ ግን ተቆርጧል፣ መክፈያው ላይ አለ።

አንቀጽ ቆጣሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:45

የአራት ወሩን ነገር ለብቻው ያዘው፣ ከዚህ ጋር አትደባልቀው። ወደ ጡረታ ቢሮው በጽሑፍ አመልክት።

ደብዳቤ ከሰጧችሁ ጊዜውን ቁጠሩ። ሒሳባችሁ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ወደ ሥራ መመለስ የሚጠይቅ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት፣ የክፍያው ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። «ቆይ እናነጋግራቸው» እያለ ጊዜው ያለፈበት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም፤ በዚህ በኩል የሚያስፈራ ነገር የለም።

መሐል ሜዳ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:15

የበጉን ነገር ቀልዴን ነበር። የእኔም ታናሽ ወንድም ሞጆ ነው፤ በኤጀንሲ። ደውዬለት አንዱንም አልካደም። ጠባሴ፣ በርታ።

ጠባሴ
ከመጀመሪያው መልእክት 12 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:50

ዘገየሁ፤ ይቅርታ።

ዓርብ ዕለት ስምንቱ ፈረሙ። አሥራ ዘጠኛችን አልፈረምንም። ልጆቹ አንድም አልጎደለ። ሰኞ ምንም አልተባለም። ማክሰኞ ሦስቱን ተወካዮች አዲስ አበባ ጠሩን። ያ ጓንቱን ያላወለቀው ሰውዬ ነበር፤ በዚያ ቢሮ ሙቀት ኮቱን አውልቆ ሌላ ሰው መስሏል። ዝውውር እንደማይቻል፣ ሞጆ ላይ «የተፈቀደ መደብ» እንደሌለ ነገረን። ታዲያ ኤጀንሲው በየትኛው መደብ ሊቀጥረን ነበር ብሎ ልጁ ጠየቀው። እኔ ብሆን አልጠይቀውም ነበር፤ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ነው የማይፈራው። ሰውዬው ውሃ ጠጣ።

ሐሙስ ደብዳቤው መጣ። «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» ይላል፤ ሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይዟል። ስንብቱና 60 ቀኑ በአንቀጽ ተጠቅሷል። ፊት ደብዳቤ የተሰጣቸው 13ቱ ግን 60 ቀኑ አልተጻፈላቸውም፤ የእኛን ደብዳቤ ቅጂ ይዘው ክስ ሊመሠርቱ ነው። የፈረሙት ስምንቱ ስንብታቸውን ተቀብለዋል። ከእነሱ ሞጆ የተጠሩት እስካሁን ሦስት ናቸው።

ትናንት ማሽን የሚያጓጉዘው መኪና፣ ሎቤዱ መጣ። ፎርክሊፍቱን የሚያወጣው ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ነዳሁት። ሪች ስታከሩን ለመፍታት ሜካኒኮች ሰኞ ይመጣሉ ተብሏል፤ እስከዚያ ግቢው መሃል ብቻውን ቆሟል፣ ጥበቃውም ስለተሰናበተ ዘበኛው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

ለእናቴ ነገርኩ። «ቆሎ ተራ ላይ ከሰማሁ ሳምንት ሆነኝ፣ አንተ መቼ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር የምጠብቅህ» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የልዩ መሣሪያ መንጃ ፈቃዴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሥራ ላይ ሳለሁ ማሳደሱ ይሻላል ወይስ ከወጣሁ በኋላ? አሠሪ ደብዳቤ ይጠይቃሉ የሚል ሰምቻለሁ።

ቆሎ ተራ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

እኔ አይደለሁም የነገርኳት! ምናልባት እኔ የነገርኩት ሰውዬ ነግሯት ይሆናል።

ሞጆ ያለሁት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

ሥራ ላይ ሳለህ አሳድሰው፣ ደብዳቤው ያለ ጣጣ ይገኛል። ሰኞ ጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት ወረፋው ረጅም ነው።